ስለ ጎርፍ ጥናት ጠይቁ፦ ከሰሜን ሸዋ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ጥያቄ (ከሸዋ ሮቢት)፦ ጋሼ፣ ተመራማሪዎች ወንዙን ሳያዩ ቢሮ ተቀምጠው የጎርፍ ካርታ ያወጣሉ ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፤ ሁሉም ግን ከስንፍና አይደለም። ብዙዎቹ ወንዞቻችን የውሃ መለኪያ ጣቢያ የላቸውም፤ ስለዚህ ጥናቱ ወደ ሳተላይት ዞረ። ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የምትዞረው ሴንቲኔል-1 የተባለች የአውሮፓ ሳተላይት በራዳር ስለምታይ ደመናም ጨለማም አያግዳትም። ችግሩ አንዷ ሳተላይት በዚያው መስመር የምትመለሰው በ12 ቀን መሆኑ ነው። ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከሆነው ከጣርማ በር አካባቢ ደጋ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ደራሽ ውሃ ማታ መጥቶ ጠዋት ይሄዳል። ሳተላይቷ የምትደርሰው ለደለሉ ነው። ውሃው ቀናት ለሚተኛበት ለአዋሽ ሜዳ የሠራ ዘዴ ለሸዋ ሮቢቱ ሮቢ ወንዝ አይበቃም የምለው ለዚህ ነው።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን፣ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ)፦ ዝናብን፣ ተዳፋትንና የአፈር ዓይነትን በጂ.አይ.ኤስ. (በኮምፒውተር ካርታ መሥሪያ) እያመዘንኩ የስጋት ካርታ ብሠራስ?

መልስ፦ እባክህ ሌላ አትጨምርብን። እንዲህ ያለው ካርታ በአገራችን ሞልቷል፤ ክብደቱን የሚሰጡት ባለሙያዎች በግምት ነው፤ ከደረሰ ጎርፍ ጋር የሚያመሳክረው ጥቂት ነው። በነጻ የሚገኘው የከፍታ መረጃ አንዱ ነጥብ 30 በ30 ሜትር ስለሆነ አንድ ግቢ ከነአጥሩ ይዋጥበታል። ይልቅ ሜትር ይዘህ ቆላ ውረድ። ጭቃው በሱቅ ግድግዳ ላይ የተወውን መስመር ከመሬት ጀምረህ ለካ፤ ቀኑንና ሰዓቱን ባለቤቱን ጠይቅ፤ ቦታውን በጂ.ፒ.ኤስ. መዝግብ። ካርታህን የሚፈትኑልህ እነዚህ ናቸው።

ጥያቄ (ከአጣዬ)፦ ጎርፍ የበዛው በአየር ንብረት ለውጥ ነው?

መልስ፦ በእሱ ብቻ አይደለም። በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ የሳተላይት ጥናት 913 ጎርፎችን መርምሮ፣ ከ2000 እስከ 2015 ባሉት ዓመታት በተጥለቀለቁት ቦታዎች የሚኖረው ሕዝብ ከ58 እስከ 86 ሚሊዮን እንደጨመረ አሳይቷል። የቦታ አሰጣጡም ይጠየቃል ማለት ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋ ላይ ከ250 በላይ ሰው የገደለው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው።

ጥያቄ፦ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አስቀድሞ ይነግረናል?

መልስ፦ ለትልልቅ ወንዞች አዎን፤ መለኪያ በሌለበትም ቀናት ቀድሞ መተንበይ ተጀምሯል። ለእኛ ገደል ግን ደጋ ያለ ዘመድ «ዝናቡ ጠንክሯል» ብሎ ቢደውል ይፈጥናል። ያ ጥሪ ሌሊት ለማን ይደርሳል የሚለው ብዙ አልተጠናም፤ የደብረ ብርሃኑ ተማሪ ርዕስ ከፈለገ ይኸው።