የአያትህ ብር ላይ የጠፋው ዓመተ ምሕረት

ከባሕር ዳር አንድ ወጣት ጽፎልኛል። ጣና ላይ ጀልባ ይነዳል፣ እንግዶችን ወደ ዘጌና ወደ ገዳማቱ ያመላልሳል። ጥያቄውን አሳጥሬ ላቅርበው።

«ጋሼ፣ አያቴ በጨርቅ ቋጥራ ያኖረቻቸውን አምስት ሳንቲሞች ሰጠችኝ። አንዱ ጠገራ ነው። ሁለቱ ጠርዛቸው እንደ አበባ የተከረከመ የመዳብ ስሙኒ ናቸው። አንዱ የመዳብ አስር ሳንቲም ነው። አምስተኛው የምኒልክ ብር ነው፤ ማንጠልጠያ ቀለበት ተበይዶበታል፣ አያቴ በልጅነቷ አንገቷ ላይ ታደርገው ነበር። የሁሉም ዓመተ ምሕረት ተፍቆ አይነበብም። ቲክቶክ ላይ አንድ ፈረንጅ ጠብታ ፈሳሽ አድርጎ የጠፋ ቁጥር ሲያወጣ አየሁ። ፈሳሹ ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኞች ጋ ይገኛል አሉኝ። ልሞክረው? ወይስ በሎሚና በአመድ ልሸው?»

በመጀመሪያ ሎሚውን አስቀምጠው። አመዱንም ምድጃው ይያዘው።

ቪዲዮው ውሸት አይደለም። ግን ፈረንጁ የያዘው ሳንቲም አንተ ከያዝካቸው ጋር አይገናኝም። በዚህ መንገድ በጣም የሚታወቀው አሜሪካኖች ከ1913 እስከ 1938 በእነሱ አቆጣጠር የመቱት አምስት ሳንቲም ነው። በአንድ በኩል የቀይ ሕንዳዊ ፊት፣ በሌላው ጎሽ አለበት። ዓመቱን የጻፉት ሰውየው ትከሻ ላይ፣ ከፍ ብሎ በወጣው ቦታ ነበር። ኪስ ለኪስ ሲዞር መጀመሪያ የሚፋቀው እሱ ሆነ። ብረቱ ሰባ አምስት በመቶ መዳብ፣ ሃያ አምስት በመቶ ኒኬል ነው። ፈሳሹ ደግሞ ፌሪክ ክሎራይድ ይባላል፤ ጠጋኞቹ የሰርኪት ቦርድ መዳብ የሚያስበሉበት ቡናማ ውኃ።

ለምን ይሠራል? እኔ አንጥረኛ ስለሆንኩ በመዶሻ ላስረዳህ። ብር ስትቀጠቅጠው እየደነደነ ይሄዳል። እጅህ ላይ ይታወቅሃል፤ መጀመሪያ እሺ ይልሃል፣ በኋላ እምቢ ይላል። ሳንቲምም ሲመታ እንደዚያው ነው። ቁጥሩ ያረፈበት ቦታ ከጎኑ ካለው የተለየ ጫና ይደርስበታል፣ ጫናውም ላዩ ላይ ብቻ አይቀርም፣ ወደ ውስጥ ይገባል። ቁጥሩ ተፍቆ ሜዳ ቢሆን እንኳ ከሥሩ ያለው ብረት ያችን ምት አልረሳትም። አሲድ ሲነካው የተጨነቀውንና ያልተጨነቀውን እኩል አይበላም። በመሃል ቁጥሩ እንደ ጥላ ብቅ ይላል። ፖሊስም ሌቦች የፋቁትን የመኪና ሻንሲ ቁጥር የሚያወጣው በዚሁ ብልሃት ነው።

አሁን ወደ አንተ ሳንቲሞች እንምጣ። ከአምስቱ አራቱ ዓመታቸውን በጭንቅላትህ ታገኘዋለህ።

ጠገራው 1780 ነው። አንዲት ጠብታ አያስፈልግህም። በላዩ ያሉት የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ የሞቱት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1780 ነው፣ ከዚያ በኋላ ብሩ በየትም አገር ይመታ በየትኛውም ዘመን የሚጻፍበት ያው 1780 ነው። አባቶቻችን ዓመቱን ሳይሆን ደረቷ ላይ ያለውን ጌጥ ዕንቁ ነበር የሚቆጥሩት። ዕንቁው ከጎደለ ወይም ከፈዘዘ አንቀበልም ይሉ ነበር።

መዳቦቹም እንዲሁ ቀላል ናቸው። አንበሳው ያለባቸው የአፄ ኃይለ ሥላሴ ስሙኒና አስር ሳንቲም ላይ ያለው ዓመት ፲፱፻፴፮ ነው። በዚያ ዓመተ ምሕረት ተጀመሩ፣ የደርጉ የ1969 ሳንቲም እስኪመጣ ድረስ ሲመቱ ቁጥሩን የነካው የለም። እንዲያውም ስሙኒህ ላይ ከዓመቱ ይልቅ ጠርዙ ይናገራል። ስሙኒ መጀመሪያ ክብ ነበር። ሰዎች ብር እየቀቡ በሽልንግ፣ ማለትም በሃምሳ ሳንቲም፣ ይሰጡት ጀመር። ያኔ ነው ጠርዙ እንደ አበባ የተከረከመው። ስለዚህ ያንተዎቹ ከመጀመሪያዎቹ ሳይሆን በኋላ ከወጡት ናቸው። ይህን አሲድ አይነግርህም።

የቀረው የምኒልኩ ነው። ዋናው ጨዋታ ያለው እዚህ ላይ ነው።

በዚህኛው ላይ አሲድ አታድርግ የምልህ በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ብር ነው። ፌሪክ ክሎራይድ ብር ላይ ሲያርፍ ግራጫ ቅርፊት ያበጅና ይቆማል። ቁጥር አይወጣም፣ ቅርፊቱ ግን ይቀራል። ብር የሚበላው ናይትሪክ አሲድ ነው፤ የእሱ ጭስ ሳንባ የሚያቃጥል ስለሆነ ቤትህ እንዳታስገባው።

ሁለተኛው ቀለበቱ ነው። በብር ማስያዣ ተበይዶ ከሆነ ሳንቲሙ ራሱ እስኪቀላ ሞቋል ማለት ነው። ቅድም ብር ሲቀጠቀጥ ይደነድናል አልኩህ፤ እሳት ካየ ደግሞ ይለሰልሳል፣ ያ ሁሉ ጫና ይፈታል። ምቱን የረሳ ብረት አሲድ ቢጠይቀው የሚመልሰው የለውም። መጋጠሚያውን ተመልከት። ነጭ ሆኖ ከሳንቲሙ ቀለም ጋር ከተመሳሰለ በብር ነው። ግራጫና ለስላሳ ሆኖ በጥፍር የሚጫር ከሆነ በቆርቆሮ ነው፣ ያኔ እሳቱ ብዙ አልነበረም። በሁለቱም ቢሆን ቀለበቱን አትንቀል። የአያትህ አንገት ታሪክ ነው፣ ደግሞም ስትነቅለው የምታበላሸው ይበዛል።

ታዲያ እንዴት ይነበብ? በመብራት።

መሸት ሲል ክፍሉን አጨልም። ባሕር ዳር መብራት ሲጠፋ ስልክህ ቻርጅ ካለው ከዚያ የተሻለ ሰዓት የለም። ሳንቲሙን ጥቁር ጨርቅ ላይ አጋድመው። የስልክ ባትሪውን ከላይ አታብራበት፤ ጠረጴዛው ላይ አስተኝተህ ብርሃኑ ሳንቲሙን እየላሰ ከጎን እንዲያልፍ አድርግ። ከዚያ መብራቱን ሳይሆን ሳንቲሙን ቀስ እያልክ አዙር፣ ሩብ ዙር እንኳ ሳይሞላ ቆም እያልክ። የፀጉር ያህል ከፍታ የቀረው ቁጥር በአንድ አቅጣጫ ፈጽሞ አይታይም፣ ትንሽ ዞር ስታደርገው ጥላ ጥሎ ይነሣል። ሌላ ስልክ ካለህ በየዙሩ ከላይ ፎቶ አንሣ፣ አስርም ሃያም ይሁን። ፎቶዎቹን በተከታታይ ስታያቸው አንዱ ላይ ያላየኸውን ሌላው ላይ ታያለህ። አስር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ከወርቅ ቤት ብትዋስ ጥሩ ነው፣ ግን መብራቱ ይበልጣል።

የምትፈልገውን አውቀህ ፈልግ። ሙሉ ብር ከሆነ፣ ማለትም ስፋቱ አራት ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ያለ ቀለበቱ ሃያ ስምንት ግራም ገደማ ከሆነ፣ ሊሆን የሚችለው 1887፣ 1889፣ 1892 ወይም 1895 ነው። በግእዙ ፲፰፻፹፯፣ ፲፰፻፹፱፣ ፲፰፻፺፪፣ ፲፰፻፺፭። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ምልክቶች በሁሉም አንድ ስለሆኑ ዓይንህን አታድክም። አራተኛውን ብቻ ለይ፤ ፹ ወይስ ፺? እሱን ካገኘህ ግማሹን ጨርሰሃል። ቀጥሎ አንበሳውን እይ። በአንዳንዱ ብር ላይ ያነሣው የግራ የፊት እግሩን ነው፣ በአንዳንዱ የቀኙን። ሰብሳቢዎች ካታሎግ ላይ የሚለዩትም በዚህ ነው። እግር ከቁጥር ይልቅ ትልቅ ስለሆነ ቶሎ አይጠፋም።

ስለ ማሸት ደግሞ ከራሴ ልንገርህ። ሥራ እንደጀመርኩ አንድ ሰው የምኒልክ ሩብ ብር አመጣልኝ፣ «ቀለበት ሥራልኝ» ብሎ። ቀለበቱን ሠራሁ። ደስ ይበለው ብዬ ሳንቲሙን ሞተር ላይ አወለወልኩለት። እንደ መስታወት አበራ። ሰውየው አገላብጦ አየውና «ንጉሡን ላጨሃቸው እኮ» አለኝ። የዘውዱ መስመር ለስልሶ፣ ቁጥሩ ጠፍቶ ነበር። ገንዘቡን አልተቀበልኩትም፤ እሱም ተመልሶ አልመጣም። በአመድና በሎሚ ማሸት የዚያ ታናሽ ወንድም ነው። ቆሻሻ ካለበት ለብ ባለ ውኃና በትንሽ ፈሳሽ ሳሙና ነክረህ አለቅልቀው፣ ለስላሳ ጨርቅ ላይ አስቀምጠህ ተጫነው እንጂ አትፈትገው። ጥቁረቱ ቆሻሻ አይደለም፣ ተወው።

አሲዱ አጓጓኝ፣ ሳልሞክረው አልተኛም ካልክ የትም የማይሸጥ ያረጀ የውጭ አገር የኒኬል ሳንቲም ፈልግ። ጓንትና መነጽር አድርግ፣ ደጅ ውጣ። ሳንቲሙን አትንከረው፤ በጆሮ ኩክ ማውጫ ጥጥ ቁጥሩ የነበረበት ላይ ብቻ አንድ ጠብታ አድርግ። በየደቂቃው እየጠረግህ እይ፣ ብቅ ሲል በቤኪንግ ሶዳ ውኃ አጥበህ አስቁመው። ልብስ ላይ የፈሰሰ አይለቅም። የተረፈውን ውኃ ወደ ቦይ አትድፋው፤ ከዚያ ቦይ የሚወጣው ጣና ውስጥ ነው፣ መዳብ ያለበት ውኃ ደግሞ ለዓሣ መርዝ ነው። ቁጥሩ ከወጣም በኋላ ቦታው ሻካራ ሆኖ ይቀራል። ሰብሳቢ ሲያየው ያውቀዋል፣ ዋጋውንም ይጥለዋል።

ሳንቲሞቹን በሚለጠጥ ለስላሳ ፕላስቲክ አትጠቅልል፣ አረንጓዴ ሙጫ ያበቅልባቸዋል። ከሐይቁ ዳር እርጥበት ስላለ በወረቀት ከረጢት አድርገህ ደረቅ ቦታ አኑራቸው።

በመብራቱ ሦስት ማታ ሞክረህ ፹ ይሁን ፺ ካልለየልህ ብሩን ይዘህ ና፣ አብረን እናየዋለን። ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ ሰው ይበዛብኛል፤ በሌላ ቀን አድርገው። አያትህንም ብሩ አንገቷ ላይ የገባው ስንት ዓመቷ እያለ እንደሆነ ጠይቃት። ሎሚውን ለሻይ ተወው።