ስልኩ የማን እንደሆነ ሳትጠይቂ መልእክት አትላኪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ ካነበብኩ በኋላ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ጤና ጣቢያችሁ ከወረቀት ካርድ ወጥቶ በኮምፒውተር ሊሠራ መሆኑን፣ ታካሚ ቀጠሮውን እንዳይረሳም በስልክ አጭር የጽሑፍ መልእክት ለመላክ ማሰባችሁን ገልጸሽ «ልምድ ያላችሁ፣ ከምን እንጠንቀቅ?» ብለሻል። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ሰዎች ስለ ኮምፒውተሩ ዓይነት፣ ስለ ኔትወርኩና መብራት ሲጠፋ ስለሚይዘው ባትሪ በቂ ነግረውሻል። እሱ ገንዘብ ሲገኝ የሚስተካከል ነው። እኔ በነርስነት ጀምሬ በአንዲት የወረዳ ከተማ ጤና ጣቢያ በኃላፊነት የሠራሁ ነኝ፤ የእናንተም ከእኛ ብዙ አይለይም ብዬ እገምታለሁ። በተራ ቁጥር ላስቀምጥልሽ።

1. ከካርድ ክፍሉ ጀምሪ። ሶፍትዌሩን የሚተክሉት ልጆች ሲመጡ መጀመሪያ የሚገቡት ኃላፊው ቢሮ ነው፤ ከዚያ ተመላላሽ ክፍል፣ ላቦራቶሪ፣ መድኃኒት ክፍል። ካርድ ክፍሉን በመስኮት አይተውት ያልፋሉ። የእኛ ካርድ አውጪ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንለው፣ መደርደሪያውን ጤና ጣቢያው ከተከፈተበት ቀን ጀምሮ የሚያውቅ ሰው ነበር። ለሥልጠና የሄድነው ግን እኔ፣ የመረጃ ባለሙያውና የመድኃኒት ክፍሉ ባለሙያ ነን። ለምን ብትዪ፣ ሥልጠናው አበል ነበረው። የእሱን ቦታ እኔ መያዜ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ፀሐይ የምትባል ሴት መስኮቱ ጋ ስትመጣ ጋሼ «የወፍጮ ቤቷ ነሽ ወይስ የመምህሩ ልጅ?» ብሎ ካርዷን ወዲያው ያወጣል። ኮምፒውተሩ ወፍጮ ቤቱን አያውቀውም። አንዱ ተረኛ «ፀሐይ» ብሎ ይመዘግባታል፣ ሌላው «ጸሐይ»፣ ሦስተኛው «ፀሀይ»። ለጆሮ አንዲት ሴት ናት፤ ማሽኑ ሦስት አድርጎ ይቆጥራታል። ኃይሉን፣ ሠናይትን፣ ዓለሙን እዚያ ላይ ጨምሪበት። ዕድሜም ሲጠየቅ «ሠላሳ ግድም» ነው፤ በእሱም ለመለየት አይቻልም። አንዲት ነፍሰ ጡር ክትትሏ በአንዱ አጻጻፍ፣ የደም ግፊቷ በሌላው ተቀምጦ፣ አዋላጇ ንጹሕ ገጽ እያየች ስታስተናግዳት ከረመች። የቆየ ግፊት እንዳለባት ያወቅነው ፊቷና እግሯ አብጦ ስትመጣ ነው። በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል ላክናት፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እሷም ልጇም ተረፉ። የቆየው ካርዷን ከመደርደሪያው ፈልጎ ያመጣልን ጋሼ ነበር።

ስለዚህ ለመፈለጊያ የሚሆን አንድ አጻጻፍ ተስማሙ። እኛ ሀ፣ ሰ፣ አ፣ ጸ ብቻ አልን፤ አስተዳዳሪው ልጅ የፊደል ሊቃውንት ይቆጡናል ብሎ ሳቀ። የታካሚዋ ወረቀት ላይ ስሟ እሷ እንደምትጽፈው ይሁን። የፋይዳ ቁጥር ያለውን መዝግቡ፤ የሌለውን ግን ከመስኮት እንዳትመልሱ።

2. ቀንና ሰዓት። የእኛው ፕሮግራም ቀን የሚቆጥረው በፈረንጆቹ ነበር። የክትባት ቀጠሮ «ማርች 12» ብሎ ላከ። እናቶቹ ማርችን መጋቢት ብለው ነው የሚያውቁት፤ ማርች 12 ደግሞ የእኛ መጋቢት 3 ነው። ዘጠኝ ቀን ዘግይተው መጡ። ሰዓቱ ይባስ ብሎ «8:00» ይላል። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ማለቱ ነው። የእኛ እናቶች ግን በስምንት ሰዓት፣ ከምሳ በኋላ፣ ሕፃን አዝለው በፀሐይ መጡ። የኩፍኝ ክትባት ከተበጠበጠ በኋላ ከ6 ሰዓት በላይ ስለማይቀመጥ ብልቃጡ የሚከፈተው ልጆች ሲሰባሰቡ ነው፤ ጠዋት የተከፈተው የተረፈው ተጥሏል፣ ለሁለት ልጅ ደግሞ ሌላ አይከፈትም። የተቆጡብን ቁጣ ጆሮዬ ላይ አለ። አንዷ «መጻፍ ካልቻላችሁ ለምን ትልካላችሁ?» አለችኝ። ምን ልበላት?

በአማርኛ ስትልኪ ደግሞ አንድ መልእክት የሚይዘው 70 ፊደል ነው፣ ክፍት ቦታውንም ጨምሮ፤ በላቲን ፊደል 160 ይይዛል። ከ70 ካለፈ እንደ ሁለት ተቆጥሮ ይከፈልበታል። በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ ደግሞ ብዙዎቹ እናቶች አያነቡም። እኔ ማታ ማታ እቤቴ ቁጭ ብዬ እያንዳንዱን መልእክት ቃል እየቀነስኩ ከ70 በታች አደረግሁት። ጎበዝ ነኝ ብዬ ኮርቼ ነበር። ከነዚያ መካከል አንዱ እንዲህ ይል ነበር፦ «የ3 ወር መርፌ ቀጠሮዎ ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ነው።»

3. ስልክ። በተራ ቁጥር መዘርዘሩን እዚህ ላይ ልተወውና የሆነውን ልንገርሽ።

ፕሮግራሙ በ09 ወይም በ07 የሚጀምር 10 አኃዝ ካልተሞላለት ወደሚቀጥለው ገጽ አያሳልፍም ነበር። መስኮቱ ላይ ሰልፍ አለ፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ ተረኛው «ማንኛውንም ስልክ ስጪኝ» ይላል። የወንድሟን፣ የጎረቤቷን፣ የባሏን ትሰጣለች። የአንድ ሱቅ ቁጥር በ11 ታካሚዎች ስም ተመዝግቦ አገኘሁት። ባለሱቁ ደግ ሰው ሆኖ ደንበኞቹን «ጤና ጣቢያ ይፈልጉሻል» እያለ ያደርስልን ነበር፤ ሳሙና እየሸጠ የማን ሳል እንደማይጠፋ፣ ማን ምርመራ እንዳደረገ ሁሉ ያውቃል ማለት ነው። ያኔ ነበር መደንገጥ የነበረብኝ። እኔ ግን ሳቅሁ፣ በስብሰባም ላይ እንደ ቀልድ አወራሁት።

በሳምንቱ አንድ ሰው ቢሮዬ ገባ። ሠላሳ አምስት ቢሆነው ነው፤ ጋቢውን አስተካክሎ ተቀመጠ። ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና በአንድ ጣቱ ወደ እኔ ገፋው። «ይህን የላካችሁት እናንተ ናችሁ?» አለ። ማታ ማታ ያሳጠርኩት ጽሑፍ ነው። አልጮኸም። መልእክቱ ለሌላ ሰው የተላከ ስህተት ሊሆን ይችላል አልኩት። ስልኩን መልሶ አነሣና «ስህተቱ የእናንተ ነው የእሷ?» ሲል ጠየቀኝ። እኔ የምለውን ስፈልግ ተነሥቶ ወጣ።

ሚስቱ የእርግዝና መከላከያ መርፌውን ሁለት ዓመት ስትወስድ ኖራለች። ሌላ ልጅ ፈልጎ ነበር፣ እሷ ደግሞ አራት አሳድጋለች። ወደ ቤተሰቦቿ መሄዷን፣ በኋላም በሽማግሌ መመለሷን የሰማሁት ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ነው። ወደ እኛ ግን ከአንድ ዓመት በላይ አልመጣችም። በመጣች ቀን ጋሼ መስኮቱ ላይ ነበር። ስልክ ሳይጠይቃት «ቀኑን በቃል ንገሩኝ» አለችው። ሁለት ጊዜ ነገራት፣ ሁለት ጊዜ ደገመችለት።

ሰውየው ከቢሮዬ በወጣ ማግስት የስልኩን ሳጥን ግዴታ ከመሆን ለማስወጣት ከበላያችን ወዳለው ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። በመጀመሪያው ቀን የሚመለከተው ሰው ስብሰባ ላይ ነው ተባልኩ። በሁለተኛው እስከ ምሳ ሰዓት ኮሪደር ላይ ጠብቄ ገባሁ፤ ባለሥልጣኑ ከስልኩ ቀና ሳይል «መመሪያ ነው» አለኝ። የትኛው መመሪያ ብዬ ብጠይቅ «ውጪ ጠብቂ» አለኝ። ያ ጽሕፈት ቤት የወሩን ሪፖርት እንደምታውቂው በ20 ሲዘጋ በኮምፒውተር የላክነውን ሳያይ የወረቀቱን መዝገብና ቆጠራ ቅጽ አምጡ የሚል ነው፤ ነርሶቼ አንዱን ታካሚ ሁለት ጊዜ ይጽፋሉ፣ አንዴ ለማሽኑ፣ አንዴ ለእሱ። በሦስተኛው ጉዞዬ «እናንተ ሥራ ላለመሥራት ምክንያት ትፈልጋላችሁ» ተባልኩ። በነርስነት ስንት ዓመት ሌሊት ያደርኩ ሴት ነኝ፤ አልረሳውም።

በመጨረሻ ሶፍትዌሩን ለተከለው ልጅ በግል ደወልኩለት። አሥር ደቂቃ አልፈጀበትም። «ማንም አልጠየቀኝም እኮ» አለ።

አንቺ ከእኔ የተሻለ መሣሪያ አለሽ። አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ወጥቷል፤ የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት ጋር ይመድበዋል። «መመሪያ» ሲሉሽ ቅጂውን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጪ። ያኔ ይህ አዋጅ ቢኖር ኮሪደሩ ላይ ያን ያህል አልቆምም ነበር።

እኛ ከዚያ በኋላ መስኮቱ ላይ የሚጠየቁ ሦስት ነገሮች በካርቶን ጽፈን ለጠፍን፣ ወደ ውስጥ፣ ተረኛው እንዲያየው እንጂ ሰልፉ እንዳያነበው። ስልኩ የማን ነው? ሌላ ሰው ያነበዋል? እንድንልክልሽ ትፈልጊያለሽ? አይሆንም ካለች ሳጥኑ ባዶ ይቀራል። መልእክቱም የአገልግሎቱን ስም አይጠራም፣ «ቀጠሮዎ ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ነው» ብቻ ይላል፤ ለሳንባ ነቀርሳውም፣ ለስኳሩም፣ ለክትባቱም ያው ነው። ጥያቄዎቹን በሹክሹክታ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልግሻል፤ ጋሼ በዚህ አንደኛ ነው። በኋላ በራሳችን ወጪ ኮምፒውተር አስተማርነው፣ በሁለት ጣት እየቆጠረ ይጽፋል፤ ይሁን፣ ከእሱ በኋላ ድርብ ካርድ አይቼ አላውቅም።

ኮምፒውተሩን ጥዪ እያልኩሽ እንዳይመስልሽ። የእኛን ጤና ጣቢያ የለወጠው ግን መልእክቱ ሳይሆን የቀሩት ሰዎች ዝርዝር ነው። ድሮ የግፊት መድኃኒቱን ያቋረጠ ሰው ማን እንደሆነ ለማወቅ መዝገብ ስንገልጥ ሳምንት ያልቃል። አሁን ሰኞ ጠዋት ዝርዝሩ በቀበሌ ተለይቶ ይታተማል፣ ለየጤና ኬላው ይሰጣል። ከ1995 ዓመተ ምሕረት ጀምሮ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች ቤት ለቤት የሚዞሩበት የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም አለን፤ ስልክ የሌላትን እናት ከእነሱ በቀር የሚደርስላት የለም። የእኛዎቹ አሁን ታብሌት ይዘዋል፣ የቤተሰብ ማኅደሩም እዚያው ውስጥ ነው። አንዷ «ዝርዝሩን በወረቀት ስጪኝ፣ ታብሌቱን ዝናብ ላይ አላወጣውም» ትለኛለች፤ እሰጣታለሁ። በዚህ ዝርዝር መድኃኒት ጥሎ የጠፋ የሳንባ ነቀርሳ ታካሚ የቀን ሥራ ከሄደበት ከተማ ተገኝቶ ሕክምናውን ጨርሷል። ይህን ለጽሕፈት ቤቱ በሪፖርት ጽፌ ልኬ ነበር፤ ደርሶናል እንኳ አላሉኝም።

የካርቶኑን ጽሑፍና የፈቃድ ቅጹን ፎቶ አንስቼ እዚሁ እለጥፍልሻለሁ፤ ነገ ተረኛ ስለሆንኩ ከነገ ወዲያ ጠብቂኝ። እስከዚያው አንድ ነገር ሞክሪ፦ አዲስ ታካሚ መመዝገቢያውን ክፈቺና የስልኩን ሳጥን ባዶ ትተሽ ለማለፍ ሞክሪ። እምቢ ካለሽ ማንንም ኮሪደር ላይ ሳትጠብቂ ለተከሉት ልጆች ደውዪላቸው።