48ን በ6 አባዝቶ 2448 ለሚል ልጅ ምን ላድርግ ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ የ4ኛ ክፍል ልጅሽ 48ን በ6 አባዝቶ 2448 ጽፎ "ጨረስኩ" ማለቱ አያስደንግጥሽ። የኔዋም እንደዚያው ነበረች። ማባዛት አቅቶት አይደለም እኮ! 6 ጊዜ 8፣ 48 ብሎ እንዳለ ጻፈው። 6 ጊዜ 4፣ 24 ብሎ ከፊቱ ለጠፈው። 8 ጽፎ 4 መያዝ ነበረበት፤ ረሳው።

እኔ መጀመሪያ ልምምድ አበዛሁባት። በየማታው 20 ጥያቄ። ምንም አልረባም። መልሱን አይታ "ይሄማ በዛ" የምትልበት ነገር አልነበራትም።

የረዳን ግምት ነው። ከመሥራቷ በፊት ግምቷን በእስክሪብቶ ትጽፋለች። 48 ወደ 50 ይጠጋል፣ 50 በ6 ደግሞ 300 ነው። 48ን ከፍ ስላደረግነው እውነተኛው መልስ ከ300 ትንሽ ማነስ አለበት። ከዚያ ትሠራለች፦ 288። 2448 ቢመጣባት ራሷ ትይዘዋለች።

እስክሪብቶ ያልኩት በምክንያት ነው። በእርሳስ ሲሆን መጀመሪያ በትክክል ትሠራና 288ን ወደ 290 አጠጋግታ "ግምቴ ነው" ትለኝ ነበር። መሳሳት ፈርታ ነው። ስለዚህ አደራ፣ ግምቱ ላይ ኤክስ አታድርጊበት። "እንዴት አሰብከው?" ብቻ በዪው።

ደግሞ ግምት በደብተር ብቻ አይለመድም። እኛ ቤት ጆጉ ስንት ብርጭቆ እንደሚሞላ ሁላችንም ገምተን እንቀዳለን። ስንዝሯን አንዴ በማስመሪያ ለካናት፣ 15 ሴንቲ ሜትር ሆነ። አሁን ጠረጴዛውንም በሩንም በሱ ነው የምትገምተው።

አንድ ቀን ገበያ ላይ ቲማቲም ኪሎው 65 ብር ነበር። "200 ብር ለ3 ኪሎ ይበቃናል?" አልኳት። 65ን 70 አድርጋ "210 ነው፣ አይበቃም" አለች። ሂሳቡ ግን 195 ነው፤ ይበቃል። ቆም ብላ አሰበችና "እማ፣ ሲቀራረብማ በደንብ መሥራት አለብኝ" አለችኝ። በጣም ነው ደስ ያለኝ! ግምት የት ድረስ እንደሚያዋጣ እኔ አልነገርኳትም፤ እዚያው ቲማቲሙ ፊት ቆማ ገባት።

ልጅሽ ማባዛት ካስጠላው ለሳምንት ያህል ደብተሩን አቆዪለትና በጆጉ ጀምሩ።