«እርስዎ» እያልኩ ለምን አላከበርሽም ተባልኩ?

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ባለ ሆቴል በእንግዳ መቀበያ የሙከራ ጊዜ ላይ እንዳለሽ፣ ኃላፊሽ «እንግዳ አታከብሪም» ብለው እንደገሠጹሽ ጽፈሽልኛል። ሁሉንም «እርስዎ» እያልሽ መወቀስሽ ግራ ገብቶሻል። «እንደ ልጅዎ ይምከሩኝ» ስላልሽ አንቺ እያልኩ ልመልስልሽ።

የጠቀስሽልኝን ንግግሮች ደጋግሜ አነበብኳቸው፦ «መታወቂያ ይስጡ»፣ «ክፍል የለም»፣ «አይቻልም»። «ይስጡ» የአክብሮት ግስ ነው፤ አነጋገሩ ግን ያዝዛል፣ በር ይዘጋል። ፔነሎፒ ብራውንና ስቲቨን ሌቪንሰን የተባሉ የቋንቋ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ጥናት ሰው ሁለት ነገር ይፈልጋል ብለው ነበር፤ አንዱ መወደድ፣ ሌላው አለመገደድ ነው። ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድቶ የደረሰ ሰው ሁለቱንም ከአንቺ ይጠብቃል። «እንኳን ደህና መጡ፤ መንገዱ አላደከመዎትም? መታወቂያዎን ቢሰጡኝ ቶሎ ልመዝግብዎት» በዪ። የጠየቀው ክፍል ከተያዘም «ይቅርታ፣ ሐይቁን የሚያየው ዛሬ ተይዟል፤ በአትክልቱ በኩል ያለውን ላሳይዎት?» ብትዪው ምርጫው በእጁ ይቀራል። እኔ ከ«እርስዎ» ይልቅ ለዚህ እጨነቃለሁ።

«እማማ»፣ «አባባ» የምትዪውን ግን ተዪው። ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሃምሳ ዓመት ያልሞላት ሴት ግን አሮጊት ያልሻት ይመስላታል። ስለ ኃላፊሽ ለእንግዳ ስትናገሪም «የለም» ሳይሆን «የሉም» ነው። እንግዳው ራሱ «አንተ በዪኝ» ካለሽ ደግሞ እሺ በዪው።

አፍሽን የፈታሽው በሲዳሙ አፎ መሆኑን እንደ ጉድለት መጻፍሽ አሳዝኖኛል። በሐዋሳ ይህ ትልቅ ሀብትሽ ነው! የሰው መልክ አይተሽ ቋንቋ አትምረጪ እንጂ፣ እንግዳው በዚያ ቋንቋ ከጀመረ ያለ አንዳች እፍረት መልሺለት።

አሁን አትዘግዪ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ለሥራው አልተስማማሽም ከተባልሽ ያለ ማስጠንቀቂያ ልትሰናበቺ ትችያለሽ። ነገ ኃላፊሽ ፋታ ሲያገኙ ጠብቂና «የቱ ንግግሬ እንግዳውን እንዳስከፋው ቢነግሩኝ አስተካክላለሁ» ብለሽ ጠይቂያቸው። የሚሉሽን ጻፊልኝ፤ ቃል በቃል አብረን እናየዋለን።