«በእጥፍ ጨመረ» ሲባል ከስንት ላይ ነው?

ለዚህ ዕትም ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ስለ አኃዝ አነባበብ የሚጠይቁትን ሦስቱን መርጠናል።

ጥያቄ፦ ለረጅም ጊዜ የምወስደው መድኃኒት ለአንድ የጎንዮሽ ጉዳት የመጋለጥ ዕድልን በእጥፍ እንደሚጨምር በዜና ሰማሁ። ሐኪሜ በራሴ ውሳኔ እንዳላቋርጠው ቢነግረኝም ሐሳቡ እንቅልፍ ነሥቶኛል። ዜናው ውሸት ነው ወይስ ሐኪሜ ነገሩን አቅልሎ አይቶታል?

መልስ፦ ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። «በእጥፍ ጨመረ» የሚለው አነጋገር ሁለት ቁጥሮችን እርስ በርስ ያነጻጽራል እንጂ ቁጥሮቹ ራሳቸው ምን ያህል እንደሆኑ አይናገርም። ከ10 ሰዎች አንዱን ያጠቃ የነበረ ጉዳት ሁለቱን ማጥቃት ሲጀምር በእጥፍ ጨመረ ይባላል፤ ከ10,000 ሰዎች አንዱን ያጠቃ የነበረውም ሁለቱን ሲያጠቃ እንዲሁ ይባላል። የመጀመሪያው መድኃኒቱን ስለ መቀየር በብርቱ የሚያሳስብ ነው፤ ሁለተኛው ግን መድኃኒቱ ከሚሰጠው ጥቅም ጋር ሲመዘን ብዙ ጊዜ ሚዛን አይደፋም።

በዚህ ረገድ በብሪታንያ የደረሰው ነገር ሊታወቅ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1995 የአገሪቱ የመድኃኒት ደኅንነት ኮሚቴ፣ ሦስተኛ ትውልድ የሚባሉት የወሊድ መከላከያ እንክብሎች የደም መርጋት አደጋን በእጥፍ እንደሚጨምሩ አስጠነቀቀ። ማስጠንቀቂያው የተመሠረተባቸው ጥናቶች ያሳዩት ግን የቀድሞውን ዓይነት እንክብል ከሚወስዱ 7,000 ሴቶች አንዷን ገደማ ያጋጥማት የነበረው ችግር፣ አዲሱን ከሚወስዱ 7,000 ሴቶች ሁለቱን ገደማ እንደሚያጋጥም ነበር። ብዙዎች ደንግጠው እንክብሉን አቆሙ፤ በተከታዩ ዓመት በእንግሊዝና በዌልስ 13,000 ያህል ተጨማሪ የጽንስ ማቋረጥ እንደተፈጸመ ይገመታል። እርግዝና ራሱ የደም መርጋትን አደጋ ከእንክብሉ ይበልጥ ከፍ የሚያደርግ መሆኑ ደግሞ ነገሩን የባሰ ያደርገዋል። በእኔ እምነት እዚህ ላይ ሊወቀስ የሚገባው የደነገጠው ሕዝብ አይደለም፤ መነሻውን ቁጥር ሳይናገር ጭማሪውን ብቻ የሚያውጅ ሰው፣ የያዘው አኃዝ ትክክል ቢሆንም እንኳ ሰሚውን ያሳስታል።

ስለዚህ ሐኪምዎን ሲያገኙ እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ መድኃኒቱን ከማይወስዱ፣ በዕድሜና በጤና እኔን ከሚመስሉ 10,000 ሰዎች በዓመት ስንቱን ይህ ችግር ያገኛቸዋል? ከሚወስዱትስ? መድኃኒቱን ባቆም ሕመሙ ራሱ ከስንት ሰው በስንቱ ላይ ጉዳት ያደርሳል? ሦስተኛው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ ይዘነጋል፤ ነገር ግን ጥቅሙና ጉዳቱ በአንድ መለኪያ ካልተቀመጡ ማመዛዘን አይቻልም። መልሱን እስኪያገኙ ድረስ መድኃኒቱን አያቋርጡ።

ጥያቄ፦ የግራፍ ቋሚ መስመር ከዜሮ ካልጀመረ ማጭበርበር ነው ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ እንደ ግራፉ ዓይነት ነው። በባር ግራፍ ብዛትን የሚናገረው የባሩ ቁመት ስለሆነ፣ 50ን እና 52ን ከ48 ተነሥቶ የሚስል ሰው ሁለተኛው ባር የመጀመሪያውን እጥፍ ሆኖ እንዲታይ ያደርጋል፤ ይህ ተቀባይነት የለውም። የመስመር ግራፍ ግን በዋናነት የሚያሳየው ለውጥን ነው። የሕመምተኛን የሰውነት ሙቀት ከዜሮ ጀምሮ ብንስለው፣ ከ37 ወደ 40 ዲግሪ የወጣው ትኩሳት ከቁብ የማይቆጠር ለውጥ መስሎ ይታያል።

ጥያቄ፦ የሰባተኛ ክፍል የሒሳብ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ አማካይን ያለ ስሕተት ያሰላሉ፤ ውጤቱ ምን እንደሚነግራቸው ስጠይቃቸው ግን ዝም ይላሉ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ራሳቸው ከሚሰበስቡት መረጃ ይጀምሩ። ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅባቸው ይጻፉ። ዘጠኝ ተማሪዎች 5፣ 10፣ 10፣ 10፣ 15፣ 15፣ 20፣ 20 እና 120 ብለው ቢጽፉ ድምሩ 225፣ አማካዩም 25 ደቂቃ ይሆናል። ቀጥለው «25 ደቂቃ የሚፈጅበት እጁን ያውጣ» ይበሉ። ማንም አያወጣም፤ እንዲያውም ከዘጠኙ ስምንቱ ከአማካዩ በታች ናቸው። ቁጥሮቹ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መካከል ላይ የሚገኘው 15 የክፍሉን ሁኔታ በተሻለ ይገልጻል። 120 የጻፈውን ተማሪም ማነጋገር ያስፈልጋል፤ ተሳስቶ ጽፎ ሊሆን ይችላል፣ በእርግጥም ሁለት ሰዓት የሚጓዝ ሊሆን ይችላል። ለየት ስላለ ብቻ ቁጥሩን መሰረዝ ግን ተማሪውን ከክፍሉ እንደማስወጣት ነው።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ በየቤታቸው ስንት ልጆች እንዳሉ ይጠይቋቸውና አማካዩን ያስወጧቸው። ይህ ቁጥር የቤተሰቦችን አማካይ የልጆች ቁጥር ያሳያል? አያሳይም። ልጅ የሌላቸው ቤተሰቦች በክፍሉ ውስጥ ወኪል የላቸውም፤ ስድስት ልጆች ያሉት ቤተሰብ ደግሞ አንድ ልጅ ብቻ ካለው ይልቅ በክፍሉ የመወከል ዕድሉ ሰፊ ነው። ማንም ሳይዋሽ፣ ስሌቱም ሳይሳሳት፣ ውጤቱ ከእውነቱ ከፍ ይላል። ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ከዚህ የተሻለ የናሙና ትምህርት ያለ አይመስለኝም።

ከዚያ በኋላ ወደ ታላቁ ምሳሌ መሻገር ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1936 በአሜሪካ ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው መጽሔት ለ10 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መጠይቅ ልኮ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ከሰበሰበ በኋላ፣ በፕሬዚዳንታዊው ምርጫ አልፍ ላንደን እንደሚያሸንፍ ተነበየ። ፍራንክሊን ሩዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን አሸነፈ። መጽሔቱ አድራሻዎቹን በብዛት የወሰደው ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነበር፤ በዚያ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ስልክና መኪና የነበራቸው ደግሞ ከሌላው ሕዝብ የተሻለ ኑሮ የሚኖሩ ነበሩ። ከዚህም ሌላ፣ ሞልተው ለመመለስ የተነሣሡት ካልመለሱት በአመለካከት ይለዩ ነበር። በዚያው ምርጫ የሕዝብ አስተያየት አጥኚው ጆርጅ ጋሉፕ እጅግ ባነሰ ናሙና አሸናፊውን በትክክል ተንብዮአል።

ፈተና ሲያወጡም አማካዩን አስልተው ይስጧቸውና በቆጠራው ውስጥ ማን እንዳልገባ፣ ቢገባስ ቁጥሩ ወደ የት እንደሚሄድ ተማሪዎቹ በጽሑፍ እንዲያስረዱ ያድርጉ። እርማቱ ጊዜ ይወስዳል፤ ከአንድ በላይ ተቀባይነት ያለው መልስ ስለሚኖርም ነጥቡ ለምክንያቱ ይሰጥ።