ርካሹ የእርግዝና መከላከያ የቱ ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ31 ዓመት ሴት ነኝ፤ አዲስ አበባ ዳር ላይ ተከራይተን ነው የምንኖረው። ሁለት ልጆች አሉኝ። ትንሹ በሚቀጥለው ሳምንት 9 ወር ይሞላዋል፤ ይጠባል፣ ምግብም ጀምሯል። የወር አበባዬ ገና አልተመለሰም። ባለቤቴ የቀን ሠራተኛ ነው፣ እኔ መንገድ ዳር ቡና አፍልቼ እሸጣለሁ። ሦስተኛ ልጅ አሁን አቅማችን አይደለም። እስካሁን ከባለቤቴ ጋር ስንገናኝ ከፋርማሲ ፖስትፒል እየገዛሁ ነው የምውጠው። በሁለት ወር ውስጥ አምስት ጊዜ ገዝቻለሁ፤ የመጨረሻውን የዋጥኩት የዛሬ ሁለት ሳምንት ነው። ክንድ ላይ የሚቀበረውን አንድ የግል ክሊኒክ ጠይቄ የነገሩኝ ዋጋ ለእኛ የሳምንት ቀለብ ነው። ጎረቤቶቼ ደግሞ መርፌው ያመክናል፣ የክንዱ ወደ ልብ ይሄዳል ይላሉ። በሁለተኛው እርግዝናዬ መጨረሻ ላይ ደም ግፊት ነበረብኝ። ለእኔ የሚሆነውና ርካሹ የቱ ነው?

መልስ፦ እንኳን ጻፉልኝ። ወደ ዋጋው ከመግባታችን በፊት ግን ዛሬ ወይም ነገ በሽንት የእርግዝና ምርመራ ያድርጉ። የወር አበባዎ ስላልተመለሰ «ቀረብኝ» ብለው የሚደነግጡበት ምልክት የለዎትም። እንዲህ ሆነው አምስት ወር ሳያውቁት የቆዩ እናቶች አይቻለሁ፤ የሆዳቸውን እንቅስቃሴ ጋዝ ነው ብለው የተዉት አሉ። የጠዋት የመጀመሪያ ሽንት ይሻላል።

«እያጠባሁ እኮ ነው» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ማጥባት በእውነትም ይከላከላል፤ ግን ሦስት ነገር ሲሟላ ብቻ ነው፦ ልጁ ከ6 ወር በታች ሲሆን፣ ቀንም ሌሊትም ጡት ብቻ ሲጠባ፣ የወር አበባም ካልመጣ። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል መከላከሉ አብሮ ይሄዳል። የእርስዎ ልጅ ገንፎ በልቷል፣ 6 ወሩንም አልፏል። እንቁላል ደግሞ የወር አበባን አይጠብቅም። የመጀመሪያው ደም ከመታየቱ ሁለት ሳምንት ያህል ቀድሞ ሊወጣ ይችላል፤ ከወለደች በኋላ አንድም ቀን ደም ሳታይ ዳግም የምታረግዝ ሴት የምትኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

ፖስትፒሉን ደጋግመው በመዋጥዎ ማህፀንዎ አልተጎዳም፣ አይጨነቁ። ችግሩ ሌላ ነው። መድኃኒቱ የሚሠራው እንቁላሉ የሚወጣበትን ቀን በማዘግየት ነው፤ በቶሎ በተዋጠ ቁጥር ይሻላል፣ ቢዘገይ ቢዘገይ እስከ 72 ሰዓት ድረስ ቢዋጥ ይመረጣል። እንቁላሉ ወጥቶ ከሆነ አይጠቅምም። ማክሰኞ የዋጡት ለማክሰኞው ነው፤ ለቅዳሜው አያገለግልም፤ እንዲያውም የዘገየው እንቁላል ቅዳሜ ሊወጣ ይችላል። ኮንዶም ለተቀደደበት ቀን የተሠራን መድኃኒት የዘወትር ሲያደርጉት ብዙ ከፍለው ትንሽ ጥበቃ ነው የሚያገኙት። ከነገሩኝ አማራጮች ሁሉ ውድ የምለውም እሱን ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። በአገራችን የቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎት በመንግሥት ጤና ጣቢያና ጤና ኬላ በነፃ የሚሰጥ ነው፣ እንደ ልጆች ክትባትና እንደ ወሊድ ክትትል ማለት ነው። እንክብሉም፣ የ3 ወር መርፌውም፣ ክንድ ላይ የሚቀበረውም፣ ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፑም። ማስቀበሩ ብቻ ሳይሆን ማስወጣቱም ነፃ ነው። የግሉ ክሊኒክ አላታለለዎትም፣ ዋጋውን ነው የነገረዎት፤ ግን በነፃ የሚያገኙትን ነገር ነው ሊገዙ የነበረው። ጤና ጣቢያው ካልተመቸዎት የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማህበርና ሜሪ ስቶፕስ ክሊኒኮች አሉ፤ እነሱ ያስከፍላሉ።

መድኃኒቱ ነፃ ከሆነ የሚቀረው ወጪ ታክሲውና የዋለችው ጀበና ነው። ሐኪሞች ይህን ብዙ ጊዜ አንቆጥረውም። ስለዚህ እስቲ በምልልስ እንቁጠረው። መርፌውን ከመረጡ በየ3 ወሩ፣ በዓመት 4 ጊዜ፣ በ3 ዓመት 12 ጊዜ ይመላለሳሉ። ባለ አንድ ዘንጉን፣ «የ3 ዓመቱ» የሚባለውን፣ ቢያስቀብሩ አንድ ቀን ለማስገባት አንድ ቀን ለማስወጣት ነው። የ5 ዓመቱ ባለ ሁለት ዘንግ ነው፤ በ5 ዓመት ሁለት ጉዞ፣ መርፌው በዚያው ጊዜ 20። ከመዳብ የተሠራው ሉፕ ደግሞ 10 ዓመት ይቆያል። አንዱን የታክሲ ደርሶ መልስ በ20 ያባዙትና ይዩት። ከዚያ ላይ ቡና ያልሸጡባቸውን ጠዋቶች ይደምሩ።

በውጤትም ቢሆን ክንድ ላይ የሚቀበረውና ሉፑ ከሁሉም ይበልጣሉ። አንድ ዓመት ሙሉ ከተጠቀሙ 100 ሴቶች አንዷ እንኳ አታረግዝም ለማለት ይቻላል። እንክብልና መርፌ መጽሐፉ እንደሚለው ከተወሰዱ እነሱም ጎበዞች ናቸው፤ ሰው ግን ይረሳል፣ ልጅ ይታመማል፣ ቀጠሮ ያልፋል።

እርስዎን ባገኝዎት መጀመሪያ ደም ግፊትዎን እለካለሁ። በእርግዝና ግፊት የነበረባት ሴት ከዓመታት በኋላ የግፊት ሕመምተኛ የመሆን ዕድሏ ከሌላው ከፍ ያለ ነው፤ ስለዚህ ልኬቱ ለመከላከያው ብቻ አይደለም። ፋርማሲ የሚሸጡት አብዛኞቹ እንክብሎች ሁለት ሆርሞን ያለባቸው ናቸው። ግፊትዎ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ እነሱን እንዳይነኩ። ግፊትዎ ደህና ቢሆን እንኳ፣ እያጠቡ ስለሆነ የመጀመሪያ ምርጫዬ አይሆኑም። ክንድ ላይ የሚቀበረውም ሉፑም የጡት ወተትን አይቀንሱም።

ስለዚህ ምክሬ የሚቀበረው ነው፣ ሉፑ ቀጥሎ። ሉፑ ሆርሞን የለውም፤ ይህን የሚወዱ ሴቶች አሉ። ግን በመጀመሪያዎቹ ወራት የወር አበባን ያበዛል፣ ቁርጠትም ይጨምራል፤ ደም ማነስ ላለባት ሴት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እርስዎም ከማስገባትዎ በፊት እርግዝና አለመኖሩ በደንብ መረጋገጥ አለበት።

ጎረቤቶችዎ ያሉት ፍጹም ከሜዳ የመጣ አይደለም። መርፌው አያመክንም። ግን መርፌ ያቆመች ሴት ቶሎ አታረግዝም፤ ከመጨረሻው መርፌ በኋላ በአማካይ 10 ወር ገደማ ይፈጃል። በዚህ መሀል ባል «አመከንሽ» ይላል፣ አማት ታጉረመርማለች፣ ወሬው ከዚያ ይነሳል። የሚቀበረው ሲወጣ ግን ማርገዝ ወዲያው ይመለሳል፤ የሚያዘገየው ነገር የለም። «ወደ ልብ ይሄዳል» ለሚለው ደግሞ፦ ባለ አንዱ ዘንግ ርዝመቱ 4 ሴንቲ ሜትር ነው፣ የክብሪት እንጨት ያህል፣ የሚተጣጠፍ። የሚቀመጠው ከቆዳ ሥር እንጂ ጡንቻ ውስጥ አይደለም። ከቦታው ትንሽ ፈቀቅ ሊል ይችላል፣ ከዚያ አይርቅም። በጥልቀት ተቀብሮ ወደ ደም ሥር ገብቶ ሲሄድ የተገኘበት አጋጣሚ በዓለም ላይ አለ፣ እጅግ እጅግ አልፎ አልፎ ነው። መከላከያው ቀላል ነው፦ ባለሙያዋ እንዳስገባች የእርስዎን ጣት ይዛ ቦታው ላይ ታስቀምጠው። ከቆዳው ሥር ይሰማዎታል። ካልተሰማዎት ከአልጋው ሳይነሱ ይንገሯት።

ማስገባቱ ጥቂት ደቂቃ ነው። ክንድዎ በማደንዘዣ መርፌ ይወጋል፣ የሚያመው እሱ ብቻ ነው። ቀኝ እጅዎን የሚጠቀሙ ከሆነ ግራ ክንድዎ ላይ ይሆናል። ማሰሪያው አንድ ቀን ይቆያል፣ ከሥሩ ያለችው ፕላስተር ከ3 እስከ 5 ቀን። እስኪደርቅ ውኃ አያስነኩት፤ ጀሪካኑን ለጥቂት ቀን በሌላው እጅ ያንሡ። ቡናውን በማግሥቱ ማፍላት ይችላሉ። ከገባ በኋላ ለ7 ቀን ኮንዶም ይጠቀሙ።

ከዚያ በኋላ የሚገጥመዎት ደም ነው። በሚቀበረው ብዙ ሴቶች የወር አበባቸው ሥርዓት ያጣል፤ ጠብ ጠብ ይላል፣ ይቀራል፣ ለ10 ቀን ይፈሳል። ሲቀር «ደሙ ሆዴ ውስጥ እየተጠራቀመ ነው» የሚሉ አሉ። አይደለም፤ የማህፀን ግድግዳው ስለሚሳሳ የሚወርድ ነገር ስለሌለ ነው። ሲበዛ ደግሞ ይመለሱ፤ ለጥቂት ቀን የሚወሰድ አይቡፕሮፌን ብዙዎችን ይረዳቸዋል። አልስማማኝም ካሉ ይውጣልኝ ይበሉ። በዚህ ጉዳይ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ተጣልቼ አውቃለሁ። ለማስወጣት ሦስት ጊዜ ተመላልሳ «ታገሺ፣ ይለምድሻል» ተብላ ወደ እኔ የመጣች እናት ነበረች። ሦስት የታክሲ ክፍያ! ያስቀበረች ሴት ለማስወጣት ምክንያት የመስጠት ግዴታ የለባትም።

አንድ ሌላ ነገር ይገጥመዎት ይሆናል፦ «የወር አበባሽ ሲመጣ ነይ» የሚል መልስ። ይህን መልስ እኔም ሰጥቼ አውቃለሁ። ሥራ በጀመርኩበት ጊዜ አንዲት እናት መርፌ ልትወጋ መጣች፣ የወር አበባዋ ላይ አልነበረችም፣ መለስኳት። ከአራት ወር በኋላ ያንኑ ካርድ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ መጣች፣ ለእርግዝና ክትትል። ካርዱ ላይ የራሴን ጽሑፍ ሳይ ቃል አጣሁ። መርፌም ሆነ የሚቀበረው ለመጀመር የወር አበባ መምጣት ግዴታ አይደለም። ባለሙያው የሚያስፈልገው እርግዝና እንደሌለ መረዳት ነው፤ ለዚያም ጥቂት ጥያቄዎች ይበቃሉ፦ የወር አበባሽ ከመጣ 7 ቀን አልሞላም? ከወለድሽ ገና 4 ሳምንት ነው? ጽንስ ከወረደሽ ሳምንት አልሞላሽም? ከመጨረሻው የወር አበባሽ ወዲህ ከወንድ ጋር አልተገናኘሽም? ሌላ መከላከያ በትክክል ስትጠቀሚ ነበር? በማጥባት ላይ ሆነሽ ሦስቱ ነገሮች ተሟልተዋል? ከእነዚህ ለአንዱ አዎ ያለች ሴት በዚያው ቀን ትጀምራለች። እርስዎ ለአንዱም አዎ ስለማይሉ ነው የሽንት ምርመራውን ያስቀደምኩት። ምርመራው እርግዝና የለም ካለ የሚቀበረውን ወይም መርፌውን በዚያው ቀን መውሰድ ይችላሉ፤ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ቆይተው ሽንቱን ይድገሙት። ሳይታወቅ ገና የጀመረ እርግዝና ቢኖር እንኳ የሚቀበረውም መርፌውም ጽንሱን አይጎዱትም።

የሚሄዱበትን ቀን ደግሞ እኔ ልምረጥልዎት። ልጅዎ 9 ወር ሲሞላው የኩፍኝ ክትባት አለው። በዚያው ቀን፣ በዚያው ታክሲ የእርስዎንም ይጨርሱ። እስከዚያ ኮንዶም። ማልደው ይድረሱ፣ «ለልጄ ክትባት፣ ለእኔ ቤተሰብ ምጣኔ» ይበሉ። ባልዎን ይዘው መሄድ ግዴታ አይደለም፣ ፈቃዱንም ማንም ሊጠይቅዎት አይገባም። ለነርሷ ሁለት ነገር ሳይጠየቁ ይንገሩ፦ በእርግዝና የነበረብዎትን ግፊት፣ እና የሚወስዱት መድኃኒት ካለ። የቲቢ መድኃኒት ሪፋምፒሲን፣ አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶችና ኢፋቪሬንዝ የተባለው የኤችአይቪ መድኃኒት የሚቀበረውን ያዳክሙታል፤ እነዚህን ለምትወስድ ሴት መርፌ ወይም ሉፕ ይሻላል።

የሚቀበረው ያን ቀን አልቋል ቢሉዎት ባዶ እጅዎን አይመለሱ። መርፌውን ይወጉና በ3 ወሩ ቀጠሮ ወደሚቀበረው ይሻገሩ። ከቀጠሮዎ ጥቂት ቢዘገዩም እስከ 4 ሳምንት ድረስ መርፌውን መውጋት ይቻላል፤ አልፎብኛል ብለው ቤት አይቅሩ።

ጤና ጣቢያ ከደረሱ አይቀር የማህፀን በር ጫፍ ካንሰር ቅድመ ምርመራ እንዳለ ይጠይቁ። በአገራችን ሴቶች ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታየው ይህ ነው፤ ምርመራው ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ሲሆን እርስዎ ደርሰዋል። በኮምጣጤ መሰል ፈሳሽ ቀብተው የሚያዩት ነው፣ ደቂቃዎች ይፈጃል። የሚያጠራጥር ነገር ከታየ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ይታከማል።

የተቀበረው የሚወጣበትን ወርና ዓመት ደግሞ በልጅዎ የክትባት ካርድ ጀርባ ላይ ያጽፉት። የሚሰጡዎት ትንሽ ወረቀት በሦስት ዓመት ውስጥ ይጠፋል፤ የክትባት ካርድ ግን ብዙ እናቶች ሲጥሉት አላየሁም።