ሸማኔው የሚያነበው የመንገድ ደብተር

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር የፋሽን ዲዛይን ተማሪ ነኝ። ዘጌ በሄድኩ ቁጥር የስዕል ደብተሬ ይሞላል፤ ለነጠላ ጫፍ የሚሆን ጥለት ግን አንድም አልወጣኝም። የተሻለ ቀለም ልግዛ?

መልስ፦ ለቀለም ብር አታውጪ። የጎደለሽ የሚደጋገም ቁራጭ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ የተሳለ ሐይቅ ግድግዳ ላይ ያምራል፣ ለድርና ማግ (ለቁመቱና ለአግድሙ ክር) ግን አይመችም።

ካርቶን ላይ 5 በ5 ሴንቲ ሜትር መስኮት ቅደጂ። የደንገል ታንኳ ስታገኚ ሙሉውን ቶሎ ንደፊና መስኮቱን ማሰሪያው ላይ አድርጊ። እስሩ በስንት ጣት ርቀት እንደሚደገም ከሥሩ ጻፊ፤ ጥለትሽ የሚነሳው ከዚያ ነው። ዘጌ ያለው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ስትገቢ የግድግዳውን ስዕል አስፈቅደሽ ሳዪ፣ ፍላሽ አታብሪ። የቅዱሳኑን መልክ ቀሚስ ላይ ማውጣት ብዙ ሰው ያስቀይማል፤ የልብሳቸው ጠርዝና እጥፋት ይበቃሻል።

ቀለሙን በብሩሽ ከመያዝ ክር ጠምጥሚ። 3 በ10 ሴንቲ ሜትር ካርቶን ላይ ለደንገሉ አረንጓዴ 5፣ ለደረቀው ግንድ 4፣ ለደፈረሰው ውሃ 1 ሴንቲ ሜትር፣ ዓይንሽ ባየው መጠን። ቀይ ክር ከጨመርሽ ግን ቀለሙ እንዳይለቅ ከነጭ ጥጥ ጋር በሙቅ የሳሙና ውሃ ዘፍዝፈሽ ሳትፈትኚ አትመኚው።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ጥለቱን ለሸማኔው በሚነድፉበት ካሬ ወረቀት ላይ ነው፤ እዚያ አንዱ ካሬ በወርድ አንድ ድር፣ በቁመት አንድ ማግ ነው። መጀመሪያ ሸማው ላይ በ1 ሴንቲ ሜትር ስንት ድር፣ ስንት ማግ እንዳለ ቁጠሪ። 20 ድርና 16 ማግ ነው እንበል። 20 በ20 ካሬ ላይ የሳልሽው ክብ ሲሸመን ወርዱ 1፣ ቁመቱ 1.25 ሴንቲ ሜትር ይወጣና እንቁላል ይሆናል፤ ስለዚህ ቁመቱን በ16 ካሬ ሳዪው። የሸማው ወርድ 80 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 1600 ድር አለሽ። ባለ 30 ድር ቅርጽ 53 ጊዜ ተደግሞ 10 ድር ይተርፋል፣ ዳር ላይ ተቆርጦ ይቀራል። በ32 ወይም በ40 ከሠራሽው ግን ልክ ይገጥማል። ባለቀለሙ ማግ በጀርባ በኩል ሳይያዝ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ እንዳይዘልም ተጠንቀቂ፤ ቀለበት ይስበዋል። (ሸማኔው ይህን ካንቺ በፊት ያየዋል፣ ወረቀቱን ቀድመሽ አሳዪው።)

ለሥራ ስታመለክቺ ሃያ ስዕል ይዘሽ አትሂጂ። የታንኳው ንድፍ፣ ካሬ ወረቀቱና 15 በ15 ሴንቲ ሜትር የተሸመነ ናሙና ጎን ለጎን ይሁኑ። እንቁላል ሆኖ የወጣውን የመጀመሪያ ሙከራም አትጣዪው፤ ቁጥሩን እንዴት እንዳስተካከልሽ አጠገቡ ጽፈሽ አያይዢው።